ሐይቅ ላይ ቆሞ መቅዘፍ ለመጀመር አስቤያለሁ፤ ከምን ልጠንቀቅ?

ጦሳ ሥር (ጠያቂ)፣ ጳጉሜን 3

ሰላም ለሁላችሁ፤ ለአዲሱ ዓመት ዋዜማ እንኳን አደረሳችሁ። የምኖረው ደሴ ነው። ውጭ አገር ያለችው እህቴ በዚህ ክረምት ስትመጣ በአየር የሚነፋ ፓድልቦርድ ይዛልኝ መጥታለች። ለማያውቀው ሰው፣ ፓድልቦርድ ማለት ላዩ ላይ ቆመው በአንድ ረጅም መቅዘፊያ የሚቀዝፉበት ሰፊ ሰሌዳ ነው። የእኔው ርዝመቱ 3 ሜትር ከ20፣ ስፋቱ 81 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ አየሩ ሲወጣ ተጠቅልሎ በጀርባ በሚታዘል ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ሳሎን ውስጥ ነፍቼ አይቼዋለሁ፤ ውኃ ላይ ግን እስካሁን አላወጣሁትም።

ዋና የተማርኩት በልጅነቴ ወንዝ ውስጥ ነው። 30 ሜትር ያህል ሳላርፍ እዋኛለሁ፤ ከዚያ በኋላ ይደክመኛል። እግሬ መሬት በማይነካበት ውኃ ውስጥ ብዙ ቆይቼ አላውቅም። ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው፣ ስሙም «ሐይቅ» የሚባለው ውኃ ለእኔ ቅርብ ስለሆነ እዚያ መጀመር እፈልጋለሁ፤ ወዳጆቼ ደግሞ አርዲቦ የሚባለው ሌላው ሐይቅ ሰው የማይበዛበትና ጸጥ ያለ ስለሆነ እሱ ይሻልሃል ይሉኛል። ባለቤቴና የ12 ዓመት ልጄም ለመሞከር ጓጉተዋል። የትኛው ውኃ ይሻላል? በየትኛው ወርና በስንት ሰዓት? ከሰሌዳው ጋር ምን ምን መያዝ አለብኝ? ልጄን ይዤ ከመውጣቴ በፊት በሚገባ ማወቅ ስለምፈልግ፣ የምታውቁትን ሳትሰለቹ ብትጽፉልኝ እወዳለሁ።

ቦሩ ሜዳ፣ ጳጉሜን 3

ወንድሜ፣ ሁለቱም የሚያምሩ ውኃዎች ናቸው፤ ለጀማሪ ግን ሐይቅን እመርጥልዎታለሁ። አርዲቦ ጸጥ ማለቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ ጸጥታ ችግር ሲገጥምዎ የሚያይዎት ሰው የለም ማለትም ነው። ሐይቅ ላይ ጀልባ አለ፣ ዓሣ አጥማጅ አለ፣ ዳር ላይ ተቀምጦ የሚመለከት ሰው አይጠፋም። አንድ ሰው ዳር ላይ ቆሞ እንዲጠብቅዎ ሳያደርጉ ብቻዎን አይውጡ።

ቀዛፊው፣ ጳጉሜን 4

አብሽር ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ከመግባትዎ በፊት በማንሳትዎ ደስ ብሎኛል። በላንጋኖና በሐይቅ ለ4 ዓመት ያህል ስለቀዘፍኩ፣ በተለይ ስለ ነፋስ የማውቀውን ረዘም አድርጌ እጽፍልዎታለሁ፤ ምክንያቱም ጀማሪ ሁሉ የሚፈራው መውደቅን ሲሆን፣ ሰውን ለአደጋ የሚዳርገው ግን ብዙ ጊዜ ነፋስ ነው።

በሁለተኛው ዓመቴ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር አርዲቦ ላይ ወጣን። ዳሩ ላይ ውኃው እንደ መስታወት የተኛ ነበር። ያላስተዋልነው ነገር፣ ነፋሱ ከጀርባችን፣ ከየብስ ወደ ውኃ ይነፍስ እንደነበርና ኮረብታው ከልሎት ዳሩን ጸጥ እንዳስመሰለው ነው። 200 ሜትር ያህል እንደገባን ነፋሱ ኮረብታውን አልፎ መጣብን። ጓደኛዬ ወደቀ፤ እግርን ከሰሌዳው ጋር የሚያገናኘውን የእግር ገመድ አላሰረም ነበርና ሰሌዳው እርሱ ሊዋኝ ከሚችለው በላይ እየፈጠነ ሄደ። ባዶ ሰሌዳ በነፋስ ፊት እንደ ገለባ ነው፤ ማንም ዋናተኛ አይደርስበትም። ያተረፈው የለበሰው የሕይወት አድን ጃኬት ነው፤ እኔ በሆዴ ተኝቼ በእጄ እየቀዘፍኩ እስክደርስለት ድረስ ውኃው ላይ ተንሳፍፎ ጠበቀኝ። ወደ ተነሳንበት ዳር መመለስ ስላልቻልን አግድም ቀዝፈን ሌላ ቦታ ወጣን፤ ከዚያም በእግራችን ከአንድ ሰዓት በላይ ተጉዘን መኪናችን ጋ ደረስን።

ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት 5 ደቂቃ ቆመው ነፋሱን ይመልከቱ። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ወደየት ያጋድላል? ከቤት የሚወጣ ጭስ ወደየት ይሄዳል? ጭሱ ከየብስ ወደ ውኃው የሚያመራ ከሆነ በዚያ ዳር አይግቡ። ቀለል ያለ ነፋስ ከውኃው ወደ እርስዎ ሲመጣ ግን ጥሩ ነው፤ ቢደክሙ እንኳ ወደ ዳር ይገፋዎታል። ጉዞውን ምንጊዜም ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘው ይጀምሩ፤ ጉልበት ሳለዎ ከባዱን ጨርሰው፣ ሲደክሙ ነፋሱ ያግዝዎታል። ውኃው መሐል ላይ ነጭ አረፋ የሚታይ ከሆነ ለጀማሪ የዚያ ቀን ቀዘፋ አብቅቷል።

ነፋስ በድንገት ቢይዝዎት ቆመው አይታገሉ። የቆመ ሰው አካል እንደ ሸራ ነፋስ ይይዛል፤ ተንበርክከው መቅዘፊያውን አጠር አድርገው ይያዙ፤ እምቢ ካለ በሆድዎ ተኝተው መቅዘፊያውን ከደረትዎ ሥር አድርገው በሁለት እጅዎ ይቅዘፉ። ወደተነሱበት ቦታ ለመድረስ አይሟገቱ፤ የትኛውም ዳር ዳር ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰሌዳውን ትተው ወደ መሬት ለመዋኘት አይሞክሩ። ሰሌዳው ከየትኛውም ጃኬት የሚበልጥ ተንሳፋፊ ነው፤ ከሩቅም ይታያል። የእግር ገመዱ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መቅዘፉ። መቅዘፊያውን ከቁመትዎ 20 ወይም 25 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ አድርገው ያስተካክሉ። የመቅዘፊያው ምላስ ጎበጥ ያለ ነው፤ ዝንባሌው ወደ ፊት፣ ወደ ሰሌዳው አፍንጫ መሆን አለበት፤ ብዙ ሰው ገልብጦ ይይዘዋል። ሰሌዳውን ጉልበትዎ እስኪደርስ ድረስ ወደ ውኃ ያስገቡ፤ ከሥሩ ያለው ክንፍ መሬት እንዳይነካ፤ መሬት ላይ እያለ ላዩ ላይ የቆመ ሰው ክንፉን ይሰብራል። መሐል ላይ ካለው የመያዣ እጀታ ግራና ቀኝ ተንበርክከው ይጀምሩ። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ተንበርክከው ቢውሉ ምንም አያጡም። ለመቆም ሲፈልጉ እጅዎን ሰሌዳው ላይ ተክለው አንድ እግርዎን፣ ከዚያ ሌላውን ጉልበትዎ በነበረበት ቦታ ያሳርፉ፤ እግሮችዎ ትይዩ፣ በትከሻዎ ስፋት፣ ጉልበትዎ ላላ ያለ ይሁን፤ ዓይንዎን ከእግርዎ አንስተው ማዶውን ይመልከቱ። ቆመው ዝም ማለት ያወዛውዛል፤ መቅዘፍ ግን ሚዛን ይሰጣል፤ ስለዚህ እንደቆሙ ወዲያው ይቅዘፉ።

ይወድቃሉ፤ ሁሉም ይወድቃል። ሲወድቁ ከሰሌዳው ርቀው፣ በጎን ወይም በጀርባ ተዘርግተው ይውደቁ፤ ሥሩን በማያውቁት ውኃ ውስጥ በእግር ወይም በራስ ቀጥ ብሎ መውደቅ ይጎዳል። ለመውጣት ከሰሌዳው ጎን ሆነው እጀታውን ይያዙ፤ እግርዎ ከሰሌዳው ሥር እንዳይገባ ወደ ኋላ ዘርግተው እየመቱ፣ ደረትዎን በሰሌዳው ላይ ያንሸራትቱ። በክንድ ጉልበት ብቻ ልውጣ ያለ ሰው ሦስተኛው ላይ ይዝላል። ይህን ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ 10 ጊዜ ሳይለማመዱ ጥልቅ ውኃ ላይ አይሂዱ፤ ሐይቅ እንደ ገንዳ አይደለም፤ ከፍተኛው ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው፤ ከዳሩም ብዙ ሳይርቁ እግር የማይነካበት ቦታ ያገኛሉ።

የሚነፋ ሰሌዳ ካልጠነከረ መሐሉ ይጎብጣል፤ ሚዛንም አይሰጥም። አምራቹ የጻፈው መጠን ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 15 ፒ.ኤስ.አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ነው፤ በእጅ ፓምፕ የመጨረሻዎቹ ጥቂቶች ስለሚከብዱ ብዙ ሰው 8 ላይ ይተዋል። በእኛ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ከባሕር ዳርቻ አገር ይልቅ ጥቂት ተጨማሪ መንፋት ይጠይቃል፤ መለኪያው ግን ያው ነው። ነፍተው ፀሐይ ላይ አይተዉት፤ አየሩ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራልና ስፌቱን ሊያላቅቅ ይችላል።

ሐይቅ ዳር ያደግሁ፣ ጳጉሜን 5

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ዓሣ አጥማጅ ስለሆኑ ይህን ውኃ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አያ ቀዛፊው የጻፉት ስለ ነፋስ ትክክል ነው፤ በእኛ ሐይቅ ጠዋት ጠዋት ውኃው ይተኛል፤ ከ5 ሰዓት በኋላ ነፋሱ መነሳት ይጀምራል፤ ከሰዓት በኋላ ሞገዱ ለታንኳም ያስቸግራል። በገመዱ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ዓሣ አጥማጆች ማታ የዘረጉትን መረብ የሚያነሱት ማለዳ ነው፤ መረቡ የሚታወቀው በላዩ በሚንሳፈፉ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ወይም በቡሽ ነው። እግሩ ላይ ገመድ ያሰረ ሰው መረብ ላይ ቢወድቅ ገመዱም ክንፉም ይጠላለፋል፤ ሰውየው ይያዛል፣ የድኻው መረብም ይቀደዳል። እንዲህ ባለ ቦታ ገመድ ማሰር ለእኔ ይበልጥ ያስፈራኛል።

ስለዚህ ጎህ ሲቀድ አይግቡ። አጥማጆቹ መረባቸውን አንስተው እስኪወጡ፣ እስከ 2 ሰዓት ድረስ ዳር ላይ ይቆዩ፤ መረብ ያላነሱ ካሉም የት እንደሆነ ይጠይቋቸው፤ በደስታ ያሳዩዎታል። ከ2 እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ ለጀማሪ ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዳርቻ በሰሌዳ ተጠግተው አይውጡ። ገዳሙ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ታላቅ የትምህርት ቦታ የነበረ፣ አሁንም መነኮሳት የሚኖሩበት የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴቶች አይገቡም። በዋና ልብስ ሆኖ በዚያ ዳር ብቅ ማለት አክብሮት አይደለም። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ግን የአገራችን ክብር የሁላችንም ነው።

ቀዛፊው፣ ጳጉሜን 5

ወዓለይኩም ሰላም። ስለ መረቡ ያሉት እውነት ነው፤ ላንጋኖን እያሰብኩ ስለጻፍኩ ይህን አላነሳሁትም፤ እርማቱን በምስጋና እቀበላለሁ። ያም ሆኖ ገመዱን ከመተው ይልቅ የሚታሰርበትን ቦታ መቀየር ይሻላል እላለሁ። በቁርጭምጭሚት የታሰረ ገመድ ሲያዝ፣ ሰውየው ውኃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ እግሩን መድረስ አለበት፤ ይህ ለደነገጠ ሰው እጅግ ከባድ ነው። በወገብ ቀበቶ የሚታሰርና አንድ ኳስ ወይም ማንጠልጠያ ሲጎትቱ ወዲያው የሚለቅ ዓይነት አለ፤ በሚፈስ ወንዝ ላይ የሚቀዝፉ ሰዎች የሚጠቀሙት እሱን ነው። መረብ፣ ፊላና ቄጠማ ባለበት ሐይቅም ይኸው ይሻላል። ዓይንዎን ጨፍነው በአንድ እጅ እስኪለቁት ድረስ መሬት ላይ ይለማመዱ። ገመዱም እንደ ስልክ ገመድ የተጠማዘዘው ይሁን፤ ሰሌዳው ላይ ተሰብስቦ ስለሚቀመጥ ውኃ ውስጥ አይጎተትም።

የኮምቦልቻዋ ነርስ፣ መስከረም 4

መልካም አዲስ ዓመት። ከጤና በኩል ሁለት ነገር ላንሳ።

የመጀመሪያው ቢልሃርዚያ ነው። በአገራችን ብዙ ጨዋማ ያልሆኑ ሐይቆችና ወንዞች ዳርቻ የሚገኝ በሽታ ነው፤ ትሉ የሚያድገው ጥልቀት በሌለው፣ ሣርና ቄጠማ በበዛበት፣ በረጋ ውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ላይ ነው። ከቀንድ አውጣው የወጣው እጭ በጤነኛ ቆዳ ውስጥ በደቂቃዎች ይገባል። ስለዚህ ቄጠማ በሌለበት፣ ጠጠር ወይም አሸዋ በሆነ ዳር ይግቡ፤ ቄጠማ ውስጥ ቆመው ሰሌዳ አያስተካክሉ። ሲወጡ በፎጣ አጥብቆ መጥረግ ጥሩ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አያስተማምንም። ውኃ ውስጥ ያሳለፈ ሰው ምንም ባይሰማውም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ጤና ጣቢያ ቢመረመር መልካም ነው፤ ከተገኘበት ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ይፈውሰዋል። ከዚያ በፊት ትኩሳት፣ ሳል ወይም የቆዳ ማሳከክ ከታየ ሐይቅ ገብቼ ነበር ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ካልነገራችሁት ወባ ወይም ታይፎይድ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ሁለተኛው ስለ መስጠም ነው፤ ይህን ስጽፍ ልቤ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም በሥራዬ ሊድኑ ይችሉ የነበሩ ልጆች ዘግይተው ሲመጡ አይቻለሁ። የሰመጠ ሰው ሲወጣ በእግሩ አንጠልጥሎ ማራገፍ፣ ሆዱን መጫን፣ ውኃው ይውጣለት ማለት በየቦታው የሚደረግ ነው፤ ይህ ውድ ደቂቃዎችን ያባክናል፤ ሆድ ውስጥ ያለው ወደ ሳንባ እንዲገባም ያደርጋል። ሰውየው የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኝታችሁ፣ ራሱን ወደ ኋላ ቀና አድርጋችሁ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ 5 ጊዜ ትንፋሽ ስጡት፤ የሰመጠ ሰው የሚጎዳው በአየር እጦት ስለሆነ ትንፋሹ ይቀድማል። ካልነቃ ደረቱን መሐል ላይ 30 ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ተጫኑ፣ 2 ትንፋሽ ስጡ፣ እንዲህ እያላችሁ እርዳታ እስኪደርስ ቀጥሉ። ሌላ ሰው 907 ደውሎ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ። ነቅቶ ደህና ነኝ ቢልም ሳንባው ሰዓታት ቆይቶ ሊታመም ስለሚችል ወደ ሕክምና ይወሰድ።

የሚሰምጥን ሰው ለማውጣት ዘሎ የሚገባ ወንድም ብዙ ጊዜ አብሮ ይሰምጣል። ዳር ላይ የሚጠብቀው ሰው፣ ክዳኑ የተጠበቀ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በረጅም ገመድ አስሮ ይያዝ፤ እሱን መወርወር ከመግባት ይሻላል። ይህ በየቤታችን ያለ ነገር ነው።

የወረኢሉ ልጅ፣ መስከረም 6

እናንተ ባትጠይቁም የጠያቂውን ሚስት ጥያቄ እኔ ልጠይቅ። ቀሚስና ሂጃብ ለብሶ መቅዘፍ ይቻላል ወይ? ወንዶችስ በሽርጥ ይወጣሉ?

የጦሳ ነፋስ፣ መስከረም 6

እቴ፣ እኔ በሂጃብ እቀዝፋለሁና ልመልስልሽ። ሰፊ ቀሚስ፣ ነጠላም ሆነ ሽርጥ ውኃ ሲጠጣ እግር ላይ ይጠመጠማል፤ መምታት ይከለክላል፤ ወደ ሰሌዳው ስትወጪም ይጎትትሻል። ጂንስም እንዲሁ ይከብዳል። እኔ የምለብሰው ቶሎ የሚደርቅ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሱሪና ረጅም እጅጌ ያለው ከላይ እስከ ጭን የሚሸፍን ጠበቅ ያለ ልብስ ነው፤ ራሴን ደግሞ ጫፉ የማይንጠለጠል፣ በፒን ያልተያዘ፣ እንደ ቆብ የሚጠለቅ ሂጃብ እሸፍናለሁ። የሕይወት አድን ጃኬቱ ከሁሉም በላይ ይለበሳል። የተሸፈነ ልብስ ለፀሐዩም ጥሩ ነው፤ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከውኃውም የሚመለሰው ጨረር ተጨምሮ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቆዳ ያቃጥላል።

ስለ ጃኬቱ አንድ ቅሬታ ልናገር። የመጀመሪያዬን ጃኬት የገዛሁት ከአንድ ሱቅ ነው፤ መልኩ እንደ ጃኬት ነበር፤ ውኃ ውስጥ ግን ልክ እንደ ስፖንጅ ጠጥቶ ወረደ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የኒውተን መጠኑ (ምን ያህል እንደሚያንሳፍፍ የሚያሳየው ቁጥር) የተጻፈበት መሆኑን ተመልከቱ፤ 50 ኒውተን በደንብ ለሚዋኝና ረዳት ቅርብ ለሆነለት ሰው ነው፤ ለማይዋኝና ለልጅ 100 ኒውተን ያለው ይሻላል። ልጁ ከለበሰ በኋላ በትከሻው በኩል ወደ ላይ ጎትቱት፤ ጆሮው ድረስ ከወጣ ሰፍቶታል ማለት ነው። ለልጅ በእግሮቹ መሐል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይመረጣል። በመጀመሪያው ቀን ሁላችሁም ለብሳችሁ ደረት በሚደርስ ውኃ ውስጥ ተንሳፈፉበት።

ቦሩ ሜዳ፣ መስከረም 9

ወሩ ሳይረሳ። በዚህ ወር ከሰዓት በኋላ አሁንም ነጎድጓድና በረዶ አለ፤ ጎርፉም ውኃውን አደፍርሶ ግንድ ያመጣል። ጥቅምት እስኪገባ ቢጠብቁ ይሻላል። በልግ ሲገባም ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ደመናን ይጠብቁ። ነጎድጓድ ከሰሙ መብረቁ ባይታይም ወዲያው ይውጡ፤ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይመለሱ። በሜዳማ ውኃ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ቆሞ የሚቀዝፈው ሰው ነው። ምናልባት አንድ ቀን ወደ ሌላ ሐይቅ ከሄዱ ደግሞ፣ ጣና ላይ ጉማሬ፣ ጫሞ ላይ አዞ እንዳለ አይርሱ።

ጦሳ ሥር (ጠያቂ)፣ ኅዳር 2

ለሁላችሁ ምስጋናዬ ከልብ ነው። እንዳላችሁት ጥቅምት እስኪገባ ጠብቄ፣ በወገብ የሚታሰረውን ገመድ እህቴ በሰው እስክትልክልኝም ታግሼ፣ ባለፈው ቅዳሜ ወጣሁ። ወንድሜ ከጄሪካኑና ከገመዱ ጋር ዳር ላይ ቆመ። አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ መረባቸው የት እንዳለ በጣታቸው አሳዩኝ፤ ከዚያም «ልጄ፣ ያን ዛፍ እንዳታልፍ፤ ከዚያ ወዲያ ጥልቁ ይጀምራል» አሉኝ። እስከ 3 ሰዓት ድረስ ተንበርክኬ ብቻ ከዳር ጋር ትይዩ ቀዘፍኩ። ከዚያ ለመቆም ስሞክር 9 ጊዜ ወደቅሁ። በአራተኛው ላይ መቅዘፊያው ከእጄ ወጥቶ ራቀ፤ ቀድሞ ቢሆን ተከትዬው እዋኝ ነበር፤ አሁን ግን መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ ወጥቼ፣ በሆዴ ተኝቼ በእጄ ቀዝፌ አመጣሁት። ከዘጠነኛው በኋላ ቆሜ 50 ሜትር ያህል ሄድኩ።

4 ሰዓት አለፍ ሲል የማዶው ውኃ ቀለሙ ጠቆር ብሎ ሲጨማደድ አየሁ፤ እኔ ጋ ግን ገና ጸጥ ያለ ነበር። አያ ቀዛፊው ስለ አርዲቦ የጻፉት ትዝ ስላለኝ ተንበርክኬ ወጣሁ። ሰሌዳውን አስተንፍሼ ሳልጨርስ ሞገዱ ዳሩን ይመታ ጀመር።

ባለቤቴ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ትጀምራለች። ለልጄ 100 ኒውተን ያለው ጃኬት አዲስ አበባ ተገኝቷል፤ እስኪደርስ ድረስ ዳር ላይ ሆኖ ጄሪካን መወርወር እየተለማመደ ነው፤ አሁን 12 ሜትር ያደርሳል። እህት ነርሷ፣ ለምርመራው ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሁላችንም እንሄዳለን።